አዙሬ የቆረጥኩት ሌንስ

ባለፈው ማክሰኞ የፊዚክስ መምህራችን ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ አሥር ደቂቃ ሲቀረው ማስታወሻ ማስጻፉን ትቶ አንድ ሥዕል በፕሮጀክተር አሳየን። ሌንስ ነው አለን። እኛ የምናውቀው ሌንስ እንደ ምስር ፍሬ መሃሉ ያበጠ ነው፤ ይኸኛው ግን እንደ ወረቀት ጠፍጣፋ ነበር። በኃይለኛ ማይክሮስኮፕ ሲታይ ፊቱ ላይ ለቁጥር የሚታክቱ ደቃቅ ዘንጎች ቆመዋል፤ አንዱ ወዲህ፣ አንዱ ወዲያ ዞሯል። እያንዳንዱ ዘንግ ከአንዲት ፀጉር ውፍረት እጅግ ያንሳል።

“ብርሃን ሲጓዝ ይወዛወዛል” አለ መምህራችን። “አንዱ ወደ ላይና ወደ ታች፣ ሌላው ወደ ግራና ወደ ቀኝ። ይህን የውዝዋዜ አቅጣጫ ፖላራይዜሽን እንለዋለን። ዓይናችሁ ሁለቱን አይለይም። ይህ ሌንስ ግን ይለያል። አንዱን እዚህ ነጥብ ላይ ይሰበስበዋል፣ ሌላውን እዚያ።”

ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ “ዘንጎቹ በስህተት ቢዞሩስ?” ሲል ጠየቀ።

“ሌንሱ አይሰበርም። ስታዩትም የጎደለው ነገር ያለ አይመስልም። ብርሃኑ ግን የማይሆን ቦታ ይሄዳል።”

ጆሮዬ ጋለ። አጠገቤ የተቀመጠችው የዶርም ጓደኛዬ አይታኝ “ምን ሆንሽ?” አለችኝ።

“አጎቴ ትዝ አለኝ።”

“አጎትሽ ሌንስ ይሠራል?”

“ሸማኔ ነው።”

ትንሽ አየችኝና ወደ ደብተሯ ተመለሰች። እኔ ግን ከዚያ ወዲያ የተባለውን አልሰማሁም። ትዝታ መጻፍ የሸመገሉ ሰዎች ሥራ ይመስለኝ ነበር፤ እኔ ገና የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፣ ነገሩም የሆነው አሥረኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ቢሆንም ያኔ የነበረችውን ልጅ ሳስባት እንደ ታናሽ እህት ነው የማያት። ጎበዝ ነበረች፤ ጎበዝ መባልን ደግሞ ከጉብዝናዋ አብልጣ ትወድ ነበር።

አጎቴ ኦይቻ የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው። የሚኖረው ኦቾሎ፣ ከአባያ ሐይቅ በላይ ባለው ተራራ ጫፍ ላይ ነው። እኛ ታች ከተማው ውስጥ፣ ሴቻ ሰፈር ነበርን፤ አባቴ መዝገብ ቤት ይሠራል። ትምህርት ቤት በተዘጋ ቁጥር እናቴ አንድ ኪሎ ቡና፣ አንድ ኪሎ ስኳር አስይዛ ወደ ወንድሟ ትልከኛለች። መንገዱን በጣም እወደው ነበር። ሚኒባሱ ከሌላው የከተማው ሰፈር፣ ከሲቀላ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ይሄዳል። ጫኖ ስንደርስ የመስኖ ውሃ የጠጣ አፈር ሽታ በመስኮት ይገባል፤ በመንገዱ ዳር የሙዝ ዘለላ እንደ ሰው ተደግፎ ቆሞ ገዢ ይጠብቃል። ከዚያ ከአስፋልቱ ወርጄ ሽቅብ ነው። ታች የነበረው ሙቀት በየመታጠፊያው ይቀንሳል፣ ሙዙ በእንሰት ይተካል፣ ጋቢ የለበሱ ሰዎች መታየት ይጀምራሉ፤ ዞር ስል ሐይቁ ከእግሬ በታች ቡናማ ሆኖ ተዘርግቷል።

የአጎቴ የሽመና ጉድጓድ ከቤቱ ደጃፍ፣ በቀርከሃ ዳስ ሥር ነው። ሸማኔ ሲሠራ እግሩን የሚከተው እዚያ ውስጥ ነው። ጉድጓዱን የቆፈሩት አባቱ፣ ማለት አያቴ፣ ናቸው፤ ለምን እንደሆነ ባላውቅም ፊቱን በቀጥታ ወደ ሐይቁ አድርገው ነው የቆፈሩት። በበጋ፣ ጠዋት ከሁለት ሰዓት ተኩል እስከ አምስት ሰዓት ድረስ፣ ፀሐይዋ ከሐይቁ ማዶ ትወጣና ውሃው እንደ አዲስ ቆርቆሮ ያብረቀርቃል። ያ ነጸብራቅ ቀጥ ብሎ አጎቴ ዓይን ውስጥ ይገባል። መወርወሪያውን አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ ይልካል፤ ከዚያ ቆም ብሎ እንባውን በክንዱ ይጠርጋል፤ እንደገና ይልካል።

“ለምን ፊቱን አታዞረውም?” አልኩት አንድ ቀን።

“ጉድጓድ ይዞራል እንዴ? ሐይቁን አዙሪልኝ፤ እሱ ይቀላል” አለኝ።

በዚያ ዓመት የፊዚክስ ቲቸራችን ስለ ብርሃን ሲያስተምረን ከውሃ ላይ የሚያንጸባርቅ ብርሃን አብዛኛው ወደ ጎን የሚወዛወዝ ነው አለን። ወደ ላይና ወደ ታች የሚወዛወዘውን ብቻ የሚያሳልፍ ስስ ፊልም ዓይን ፊት ቢደረግ ነጸብራቁ ይጠፋል፤ ውሃው ግን ይታያል። እንዲህ ያለው ፊልም በየስልኩና በየሒሳብ ማሽኑ ስክሪን ላይ ተለጥፎ ይገኛል። ቲቸር ሌላም ነገር አለን፤ ፊልሙ አቅጣጫ አለው፣ ዘጠና ዲግሪ ካዞራችሁት ሥራው ይገለበጣል። ይህንንም ደብተሬ ላይ ጽፌ ከሥሩ በቀይ አሥምሬበት ነበር።

ሲቀላ ስልክ የሚጠግነው ጌዲዮን የታላቅ ወንድሜ ጓደኛ ነው። ሱቁ ገብቼ የምፈልገውን ስነግረው ሳቀብኝ።

“ዶክተር ሣራ! የዓይን ሐኪም ሆንሽ ደግሞ?”

“ለአጎቴ ነው። እባክህ ጌዲዬ።”

ከአንድ የተሰበረ ስክሪን ላይ ፊልም ላጠልኝ። ዳሩ ተቀዶ ስለነበር የተረፈው እንደ ሪባን ጠባብ ነበር። ከገበያ ርካሽ የፀሐይ መነጽር ገዝቼ የመነጽሩን መስተዋት አውልቄ በልኩ ፊልሙን መቁረጥ ጀመርኩ። የቀኙ በትክክል ወጣ። የመነጽር ሌንስ ከቁመቱ ወርዱ ይበልጣል፤ የቀረው ቁራጭ ደግሞ በወርድ አልበቃ አለኝ። ወደ ላይ ሳቆመው በቃኝ። አዙሬ አቁሜ ቆረጥኩት። ፊልሙ በየትም በኩል ቢታይ ያው ግራጫ ነው። አላወቅኩም ነበር ብል ደስ ባለኝ፤ አውቅ ነበር፣ በቀይ አሥምሬበታለሁ። ግን ሥራው ወደ ማለቁ ነበር፣ ነገ ገና ነው፣ መነጽሩን ይዤ መሄድ አለብኝ። የቀኙን ሌንስ በስልኬ ስክሪን ላይ አዟዙሬ ሞከርኩት፤ ሲጨልምና ሲበራ በደስታ ዘለልኩ። የግራውን አልሞከርኩትም።

ለአጎቴ የሰጠሁት በገና ዕለት ከሰዓት በኋላ ነው። ፀሐይዋ ከጀርባችን ስለነበረች ሐይቁ አያብረቀርቅም። ቤቱ በዘመድ ተሞልቷል። አጎቴ መነጽሩን አድርጎ ሁሉንም በየተራ አየ፤ ሚስቱ አክስቴ ዘነበች “ሾፌር መሰልክ” አለችው፤ ሰው ሁሉ ሳቀ።

“ምንድን ነው የሚያደርገው?” አለኝ አጎቴ።

ነጸብራቅ ይቀንሳል ማለት ይበቃ ነበር። እኔ ግን ሰው ሁሉ እያየኝ ነው። “ዓይን የማይለየውን ይለያል” አልኩ። “የተደበቀውን ያወጣል።”

“ተባረኪ!” አሉ። አጎቴ ራሴን ዳበሰኝ። ያን ቀን የበላሁት ቆጮ ከዳጣው ጋር እስካሁን አፌ ላይ አለ።

ጥር መጨረሻ የግማሽ ዓመት ፈተና አልቆ እንደገና ወጣሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ደረስኩ። ዳሱ ሥር ማንም የለም። ጉድጓዱ በሳንቃ ተከድኗል። አጎቴ ለአንድ ሠርግ ስምንት ጋቢ ሊሠራ ተዋውሎ እንደነበር አውቃለሁ፤ ክሩ ግን ከተንጠለጠለበት ወርዷል። አክስቴን ብጠይቃት “ትንሽ ልረፍ ብሎ ነው” አለችና ወደ ጓሮ ሄደች።

ምክንያቱን የሰማሁት በማግስቱ፣ እሑድ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። በእኛ ዘንድ ከመዝሙር በኋላ የጸሎት ርእስ ያለው ይነሣል። አጎቴ ተነሣ። ብዙ የማይናገር ሰው ነው፤ ኮቱን ቆልፎ፣ መነጽሩን በእጁ ይዞ ቆመ።

“ለቀኝ ዓይኔ ጸልዩልኝ” አለ። “እየሄደ ነው። የታላቅ ወንድሜን የቦጋለን ታውቃላችሁ፤ የእሱም በአንድ ዓይን ነው የጀመረው። የሠርጉን ክር መልሻለሁ። ዓይን የሌለው ሸማኔ የሰው ክር ይዞ መቀመጥ የለበትም። ጉድጓዱንም በዚህ በጋ እደፍነዋለሁ።”

ቦጋለን እኔም አውቀዋለሁ። የሞተው ገና ትንሽ ልጅ ሳለሁ ነው፤ ግን ግድግዳ እየዳበሰ ሲሄድ ትዝ ይለኛል። ሴቶቹ ማልቀስ ጀመሩ። ወንጌላዊ ጴጥሮስ ከመድረክ ወርደው እጃቸውን አጎቴ ትከሻ ላይ ጫኑ። ከሰኞ እስከ ረቡዕ ጠዋት ጾም ጸሎት ይሁን ተባለ። አሥራ አንድ ቤት እንጾማለን አለ።

ወደ ቤት ስንመለስ መንገድ ላይ ጠጋ አልኩት። “አጎቴ፣ በምን አወቅህ?”

“አንቺ በሰጠሽኝ መነጽር ነዋ። ጌታ ይስጥሽ፣ እሱ ባይኖር መቼ አውቅ ነበር?” መነጽሩን አነሣ። “ክሩን ሳይ ሁለቱም ዓይኔ እኩል ነው። ቀና ብዬ ሐይቁን ሳይ ግን ግራው ብርሃኑን ያያል፣ ቀኙ አያይም። ቀኙ ላይ ውሃው ጨልሟል። ሳወልቀው እኩል ይሆናል፤ በሽታው ገና ውስጥ ስለሆነ ነው። የተደበቀውን ያወጣል ብለሽኝ የለ?”

ያኔ ሰዓቱ ሦስት ተኩል ገደማ ነበር፤ ሐይቁ ከታች ነጭ እሳት መስሏል። “ልየው” አልኩና መነጽሩን አደረግሁት። በግራ ዓይኔ ነጸብራቁ እንዳለ ነው። በቀኝ ዓይኔ ውሃው ረግቷል፣ ቡናማ መልኩ፣ መሃሉ ላይ ያለችው ደሴት ጥላ ሳይቀር ይታያል። አንገቴን ወደ ትከሻዬ ሰበር ሳደርግ ተገለበጠ፤ ግራው ጨለመ፣ ቀኙ በራ። የአጎቴ ዓይን ምንም አልሆነም። ያ ታሟል ያለው ዓይን ደህናው ሌንስ ያለበት ነው። ያበላሸሁት የግራውን ነው።

በዚያች ቅጽበት መናገር ነበረብኝ። ግን ከፊታችን አክስቴ ከሁለት ሴቶች ጋር እየሄደች ነበር፤ አንደኛዋ ዞር ብላ “መነጽር የሠራችው ልጅ ይቺ ናት? እግዜር ይባርክሽ፣ በጊዜ አሳወቅሽን” አለችኝ። ፈገግ አልኩ። አንዴ ፈገግ ካሉ በኋላ መናገር እንዴት ከባድ እንደሆነ ያኔ ነው ያወቅሁት።

“አጎቴ፣ እስከ ረቡዕ ላጽዳልህ?” አልኩት። “ፊልሙ አቧራ ይዟል።”

“ውሰጂው። እንግዲህ አልሸምንበት።”

ሰኞ ጠዋት መጽሐፍ ረስቻለሁ ብዬ ቁልቁል ወረድኩ። በመንገዱ ሁሉ ሐሳቤ አንድ ነበር። የግራውን ሌንስ በትክክል ቆርጬ ብተካው ሁለቱ ዓይኖች እኩል ይሆናሉ። ረቡዕ መነጽሩን ያደርጋል፣ እኩል ያያል፣ ተፈወስኩ ይላል፣ ጉድጓዱን ይከፍታል። ማንም አይጎዳም፣ ማንም አያፍርም። የሚጎድል ነገር አልታየኝም።

ጌዲዮን ነገሩን ሲሰማ አልሳቀም። ሰፋ ያለ ፊልም ፈልጎ ሰጠኝና ክንዱን አጣምሮ ሲያየኝ ቆየ።

“ለምን ዝም ብለሽ አትነግሪውም?”

“ከተስተካከለ ምን ይነገራል?”

“እኔ ስልክ ስጠግን ‘ምኑ ነበር?’ ይሉኛል። ካልነገርኳቸው በሁለተኛው ቀን ይዘውት ይመጣሉ” አለ። “እንደ ፈለግሽ፣ ዶክተር።”

አዲሱን ሌንስ ሦስት ጊዜ ለካሁት፣ አራት ጊዜ ሞከርኩት። የድሮውን በወረቀት ጠቅልዬ ኪሴ ከተትኩ። ማክሰኞ ተመለስኩ። መንደሩ ጸጥ ብሏል፤ ከየጣሪያው የሚወጣው ጭስ እንኳ የቀነሰ መሰለኝ። አክስቴ ከንፈሯ ደርቋል። እኔም ጾምኩ፤ ረሃቡ ይገባኛል ብዬ።

ረቡዕ ጠዋት የመጨረሻው ጸሎት ሲያልቅ ሁላችንም ከቤተ ክርስቲያኑ ወጥተን ደጁ ላይ ቆምን። ሐይቁ ከዚያ ላይ ሙሉ በሙሉ ይታያል። ሦስት ሰዓት ነው፣ ውሃው ያብረቀርቃል። ሁሉም ዓይኑን ጠበብ አድርጎ አጎቴን ያያል። መነጽሩን አቀበልኩት። ሲቀበለኝ “አይዞሽ” አለኝ፤ እኔን!

አደረገው። ወደ ሐይቁ ዞረ። ግራ ዓይኑን በመዳፉ ከደነ፣ ከፈተ። ቀኝ ዓይኑን ከደነ፣ ከፈተ። እንደገና ደገመው። እኔ የምስጋና ቃል እየጠበቅሁ ነበር።

“ግራውም ሄደ” አለ ቀስ ብሎ።

“ምን አልክ?” አለች አክስቴ።

“ሁለቱም ጨለሙ። ብርሃኑን አንዳቸውም አያዩም።” መነጽሩን አውልቆ ሰጠኝና እዚያው ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። አክስቴ አጠገቡ በጉልበቷ ወደቀች።

እኩል ይሆናሉ ብዬ ነበር፤ ሆኑ። ደህና የሠራው ሌንስ ለእሱ የበሽታ ምልክት እንደሆነ፣ ሁለቱንም ደህና ሳደርጋቸው ሁለቱንም ዓይኑን እንደምወስድበት አልታየኝም ነበር። እኔ ስለ ሌንሱ አሰብኩ እንጂ ስለ እሱ አላሰብኩም።

“አጎቴ፣ ዓይንህ ደህና ነው!” አልኩ። ድምፄ ጮኾ ወጣ። “ጥፋቱ የእኔ ነው። የግራውን ሌንስ አዙሬ ቆርጬው ነበር። አሁን አስተካክዬው ነው እንጂ ምንም አልሆንክም። መነጽሩ በሽታ አያሳይም። ጉራዬን ነው ያን ያልኩት።”

የተረዳኝ ሰው አልነበረም። ወንጌላዊ ጴጥሮስ “ረጋ በይ ልጄ” አሉኝ። ከኪሴ የድሮውን ሌንስ አውጥቼ ወረቀቱን ፈታሁና አጎቴ ዓይን ፊት ያዝኩት። “ሐይቁን እይ” አልኩት። ቀስ አድርጌ አዞርኩት፤ በራ፣ ጨለመ፣ በራ። ሌላኛውን ዓይኑን አስከድኜ ደገምኩት። ያው ነው።

አጎቴ ከእጄ ወሰደው። እንደ ጨርቅ በሁለት ጣቱ መሃል አሸት አሸት አደረገው፣ ወደ ፀሐይ አነሣው፣ ራሱ አዞረው። አንድ ጊዜ ወደ ሐይቁ፣ አንድ ጊዜ ወደ እኔ ተመለከተ።

“ድርና ማግ አለው” አለ።

“አዎ፣ አጎቴ።”

“አንቺ ድሩ በማግ ቦታ እንዲሆን አዙረሽ ቆረጥሽው።”

“አዎ።”

“የሸማኔ ዘር ሆነሽ!” አለ። ከኋላ አንድ ሰው ሳቅ አመለጠው። አጎቴ ግን አልሳቀም። “መቼ ነው ያወቅሽው?”

“እሑድ። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ።”

ሳቁ ቆመ። አጎቴ ሌንሱን በመዳፉ ላይ አስቀምጦ ጥቂት አየው። “የተበላሸ ጨርቅ ይፈታል፣ እንደገና ይሠራል” አለ። “ያልተኛሁትን ሦስት ሌሊት ግን ማን ይፈታልኛል?”

ሌንሱን ከመዳፉ ላይ አንሥቼ መልሼ በወረቀቱ ጠቀለልኩት።

ቀጥሎ የተናገሩት አንዲት አሮጊት ናቸው። “ያ ቡላ!” አሉ ወገባቸውን ይዘው። “ትናንት ምራቴ ያመጣችው ቡላ! በቅቤ የራሰ! በአፍንጫዬ ስር ነው ያለፈው፣ በዚች ልጅ መቀስ ምክንያት!” ያኔ መጀመሪያ አክስቴ፣ ቀጥሎ ሁሉም ሳቀ። አክስቴ እያለቀሰች ነበር የምትስቀው።

ወንጌላዊ ጴጥሮስ ሳቁ እስኪበርድ ጠበቁ። “ጸሎት አይባክንም” አሉኝ። “ግን የጾመ ሰው ስለ ምን እንደ ጾመ ማወቅ አለበት። ሁሉም እዚህ የለም፤ አቅመ ደካሞቹ ቤታቸው ናቸው። በየቤቱ ሄደሽ አንቺው ትነግሪያቸዋለሽ።”

“አብሬያት ልሂድ?” አለች አክስቴ።

“ብቻዋን” አለ አጎቴ።

ሐሙስና ዓርብ አሥራ አንዱንም ቤት ዞርኩ። በእንሰቱ መካከል ባለች ቀጭን መንገድ፣ ያቺን ግራጫ ቁራጭ በወረቀት ጠቅልዬ። በመጀመሪያው ቤት ከብርሃን ውዝዋዜ ጀመርኩ፤ ሰውየው በትሕትና አዳመጡኝና “እና ኦይቻ ታሟል ወይስ አልታመመም?” አሉኝ። ከሦስተኛው ቤት ጀምሮ ከጥፋቴ መጀመርን ተማርኩ። አጥፍቻለሁ፣ እንዲህ አድርጌ አጠፋሁ፣ እንዲህ አድርጌ ደበቅሁ። ከዚያ ሌንሱን አቀብላቸዋለሁ፣ ራሳቸው ያዞሩታል። ልጆቹ ይሻሙታል። አንድ ሽማግሌ ደጋግመው ካዞሩት በኋላ “ሐይቁ እንዳለ ነው፣ ዓይኔም እንዳለ ነው፤ መሃል ላይ የገባው ነው የሚዋሸው” አሉ። እሱም አይዋሽም፣ አቅጣጫውን ብቻ ነው የሚናገረው ልላቸው አሰብኩና ተውኩት።

አንዲት ሴት ግን አልሳቁም፣ ሌንሱንም አልነኩትም። የቦጋለ ሚስት የነበሩ ናቸው። “እኔ ያን መንገድ አውቀዋለሁ” አሉኝ። “ሦስት ቀን እንደገና ሄድኩበት።” ከዚያ ተነሥተው ድንች ቀቅለው አቀረቡልኝ፤ በልቼ እስክጨርስም ከአጠገቤ አልተነሡም። በየቤቱ እንዲሁ ነበር፤ ቅጣቴን ፈጽሜ ስመለስ ሆዴ ተነፍቶ መራመድ አቅቶኝ ነበር።

አጎቴ ጉድጓዱን ከፈተ። ክሩን ሊያስመልስ ወደ ሠርገኞቹ ሲሄድ ግማሹን ለሌላ ሸማኔ ሰጥተውት ደረሰ። ከስምንቱ ጋቢ አራቱን ብቻ ሠራ። ስለዚያ አንድም ቀን አንሥቶብኝ አያውቅም። መነጽሩን ግን ጠዋት ጠዋት ያደርገዋል፤ እንባውን በክንዱ መጥረግም ተወ።

ይህን ሁሉ እያሰብኩ ሳለሁ፣ ከዚያ ክፍለ ጊዜ በሁለተኛው ቀን፣ ሐሙስ ምሳ ሰዓት ላይ አጎቴ ደወለልኝ። እሱ ስልክ የሚደውለው ሰው ሲሞት ወይም ሲወለድ ነው። ከካፌው ሰልፍ ወጥቼ ዛፍ ሥር ቆምኩ።

“ሣራ፣ ግራ ዓይኔ ጭጋግ ይዞታል” አለኝ። “ያለ መነጽርም ነው። አንገቴንም ሰብሬ አይቼዋለሁ፣ አይዞርም። የዕድሜ ይሆናል። ለዘነበች ገና አልነገርኳትም፣ ለቤተ ክርስቲያንም አልተናገርኩም። መጀመሪያ ለአንቺ ልበል ብዬ ነው።”

“ለምን ለእኔ?” አልኩት።

“አንቺ ደስ እንዲለኝ ብለሽ የምትነግሪኝ ነገር የለም። ያንን አንድ ጊዜ ሞክረሽ አይተሽዋል።” ከዚያ “ይድናል?” አለ።

ደስ የሚለው መልስ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። አይዞህ፣ ቀላል ነው፣ ዛሬ ሕክምናው ተሻሽሏል። አንዳንዱም እውነት ነው። ግን ዓይኑን አላየሁትም፤ ሐኪምም አይደለሁም፤ ዓመቱን ሙሉ የተማርኩትም ቢሆን ስለ ብርሃን እንጂ ስለ እሱ ዓይን አይደለም። በክፍል ውስጥ መልሱን ሳላውቅ እጄን የማወጣ ልጅ ነበርኩ፤ አሁንም አንዳንዴ ያደርገኛል። ሰውን ማስደሰት ሰውን ከመውደድ ጋር አንድ ይመስለኝ ነበር። ሁለቱ ከሩቅ ሲታዩ በጣም ይመሳሰላሉ፤ የሚለዩት ሰውየው በአንቺ ቃል ተማምኖ አንድ ነገር ሊወስን ሲነሣ ነው።

“አላውቅም፣ አጎቴ” አልኩት። “ሰኞ ና፤ ሆስፒታሉ በር ላይ ተገናኝተን አብረን እንገባለን። የሚሉንን አብረን እንሰማለን።”

የተቀየመኝ መስሎኝ ስልኩን ጆሮዬ ላይ አጥብቄ ያዝኩት።

“እንግዲያው በጊዜ ነይ” አለኝ። “ወረፋ አለው።”